የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥር ልናወጣ ነው፤ በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም አለን፣ ምን ይሻላል? (ካናዳ)

ገና ገባሁ · ዊኒፔግ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በማኒቶባ ግዛት እጩነት አመልክተን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በቅርቡ ገብተናል። የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫ ወረቀታችን በእጃችን ነው፤ ፒአር የሚሉት የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ግን ገና በፖስታ አልደረሰም። አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀን ሲን የሚሉትን የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥር ነው። ባንኩም፣ ሥራ ሊቀጥረኝ ያሰበው ድርጅትም ስለ እሱ አንሥተዋል።

ከመሄዳችን በፊት ልጠይቃችሁ የምፈልገው ነገር አለ። ፓስፖርቴ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የገባው የአያቴ ስም ነው። የባለቤቴም ላይ የራሷ አያት ስም ገብቷል። የልጆቹ አያት ደግሞ የእኔ አባት ስለሆነ እነሱ የአባቴን ስም ይዘዋል። ለእኛ አገር ሰው ይህ የማያስጠይቅ ነገር ነው። እዚህ ግን አራት ሰዎች ከአንድ ቤት ወጥተን በሦስት የቤተሰብ ስም ስንቀርብ ዝምድና የሌለን ሊመስል ነው ብዬ ሰጋሁ። ሁላችንም በአንድ ስም እንዲያወጡልን ልጠይቅ ወይስ እንዳለ ልተወው?

ሁለተኛው የባለቤቴ የልደት ቀን ነው። ፓስፖርቷና ማረጋገጫዋ ላይ ጃንዋሪ 14 ቀን 1988 ይላል፤ ትክክል ነው። የጋብቻ ወረቀታችን ትርጉም ላይ ግን ተርጓሚው የኢትዮጵያውን ቀን ሳይቀይር 5/5/1980 ብሎ አስፍሮታል። ጥር 5 ቀን 1980 ዓ.ም. ማለቱ ነው። እዚህ የሚያነበው ሰው ግን ሜይ 5 ቀን 1980 ብሎ ስምንት ዓመት ሊጨምርባት ነው።

በመጨረሻም፣ አንድ የአገራችን ሰው «ወረቀታችሁን ስጡኝና እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ለአራታችን 200 ዶላር ጠይቆናል። እንግሊዝኛችን ለዕለት ጉዳይ ይበቃል፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ድፍረቱ የለንም። ምን ትመክሩናላችሁ?


የቶሮንቶ ጎረቤት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡26

እንኳን ደኅና ገባችሁ። ስለ ስሙ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ይመልሱልሃል። ስለ 200 ዶላሩ ግን አሁኑኑ ልንገርህ፦ አትክፈል። ቁጥሩን የሚሰጠው ሰርቪስ ካናዳ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። ለአዋቂም ለሕፃንም፣ ለቋሚ ነዋሪም ለጊዜያዊም ነጻ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላው ነው። ይህ ሰው የአራታችሁን ፓስፖርትና ማረጋገጫ ሊይዝ ነው፤ ቁጥራችሁንም ከእናንተ በፊት ሊያየው ነው። ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ አላውቀውም። ነገር ግን ያንን ሁሉ በአንድ ላይ ለባዕድ ሰው አሳልፎ መስጠት አያስፈልግም። ራሳችሁ ሂዱ።


ወይዘሮ ኤድመንተን
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኔ ለአዲስ ገቢዎች በማስተርጎም ብዙ ዓመት ከሰዎች ጋር ወደዚህ ቢሮ ተመላልሻለሁና የማውቀውን ልንገርህ። ረጅም ይሆናል፤ ታገሠኝ።

በመጀመሪያ ልብህን አሳርፈው። ለሲን የሚሠራው ሠራተኛ ቤተሰብ መሆናችሁን አይመረምርም። ቁጥሩ የሚወጣው ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ነው። ያንተን ስትጠይቅ የሚታየው ያንተ ወረቀት ነው፤ የባለቤትህን ስትጠይቅ የእሷ። ስምህ ከሚስትህ ስም ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚል ጥያቄ የለም። የወላጅ ዝምድና የሚነሣው ለትንሹ ልጅ ስታመለክት ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስሙን በዚያ ጠረጴዛ ላይ «አስተካክሉልኝ» አትበል። አይችሉም፤ ቢችሉም ላንተ አይበጅህም። የሚጽፉት የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫህ ላይ ያለውን ስም እንዳለ ነው፣ ፊደል በፊደል። የአያትህ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከሆነ ሲንህም ላይ እዚያው ይሆናል። ማየት ያለብህ አንድ ነገር ነው፦ ፓስፖርቱ፣ ማረጋገጫውና አሁን የምታወጣው ቁጥር አንድ ዓይነት ስም መያዛቸውን። ከዚያ በኋላ ባንኩም፣ የመንጃ ፈቃዱም፣ የጤና ካርዱም ይህንኑ ይከተላሉ። ብዙ ሰው ችግር ውስጥ የሚገባው ስሙ ረጅም ወይም እንግዳ ስለሆነ አይደለም። ባንክ ላይ የአባቱን ስም፣ ሥራ ላይ የአያቱን ስም፣ ሐኪም ቤት ደግሞ የራሱንና የአባቱን ስም ገልብጦ ስለሚሰጥ ነው። ከዓመት በኋላ ግብር ሲያስገባ ወረቀቶቹ እርስ በእርሳቸው አይተዋወቁም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አራቱንም ማረጋገጫ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና ከፓስፖርቶቹ ጋር አስተያይ። የፊደል ግድፈት አለ? ጸሐይ የሚለው ስም በአንዱ በቲ፣ በሌላው በቲና ኤስ ተጽፏል? ቀኑ ይገጥማል? ግድፈቱ ማረጋገጫው ላይ ከሆነና ፓስፖርቱ ትክክል ከሆነ የሚታረመው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው፤ ለዚሁ የተዘጋጀ የማሻሻያ መጠየቂያ ቅጽ አለ። ነገር ግን ልብ በል፦ እነሱ የሚያርሙት የራሳቸው ሰው ሲመዘግብ የተሳሳተውን ነው። ፓስፖርትህ ላይ ያለውን በትክክል ገልብጠው ከሆነ «እኔ እኮ የምጠራው በሌላ ነው» ብትል ስሕተት ብለው አይቀበሉህም።

ሦስተኛ፣ የጋብቻ ወረቀቱን ለዚህ ጉዳይ አታውጣው። አንድ ሰው ስሙ ከዋናው ሰነድ የተለየ ሲሆን ነው የስም ለውጡን የሚያሳይ ወረቀት የሚጠየቀው። ባለቤትህ ስሟን በጋብቻ አልቀየረችም፤ የእኛ ሴቶች በአባታችን ስም ኖረን በአባታችን ስም እናረጃለን። ስለዚህ ፓስፖርቷና ማረጋገጫዋ ይበቋታል። ያልተጠየቅኸውን ወረቀት፣ ያውም የተሳሳተ ቀን ያለበትን፣ ከቦርሳህ አውጥተህ በራስህ ላይ ጥያቄ አትፍጠር። ትርጉሙን ግን ለሌላ ጊዜ ስለሚያስፈልግህ ከወዲሁ በተረጋገጠ ተርጓሚ አስተካክለው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አዲሱ ትርጉም ላይ ሁለቱም ቀን ይጻፍ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን 1980፣ በእዚህ አገር አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 1988። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። 5/5 የሚባል ነገር ዳግመኛ አይታይ።

አሁን ወደ ቢሮው። ዋናውን ሰነድ ይዛችሁ በአካል ሂዱ። ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም። በኢንተርኔትም ማመልከት ይቻላል፤ ግን የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ጭምር ሰነዶቹን በደንብ ፎቶ አንሥቶ መላክ ይጠይቃል፤ አንዱ ከደበዘዘ መመላለስ ነው። በአካል ሲሆን ወረቀቱ የተሟላ ከሆነ በዚያው ዕለት ቁጥሩን ታትሞ ይሰጧችኋል፤ ለእንደናንተ ያለ አዲስ ገቢ ከዚህ የሚሻል የለም።

የሚጠይቁህ ቀላል ነው። ሙሉ ስምህ፣ የተወለድክበት ቀንና ከተማ፣ የእናትህና የአባትህ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ። እናትህን ሲጠይቁ የሚፈልጉት ስትወለድ የነበራትን ስም ነው። የእናትህን ስም ከነአባቷ ጽፈህ በቁራጭ ወረቀት ያዝ፤ የአባትህንም እንዲሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እዚያ ቆመህ ፊደል መደርደር አያስፈልግህም፤ ወረቀቱን ለሠራተኛዋ ታሳያታለህ፣ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ስክሪኑን ወይም የታተመውን ወረቀት ስታሳይህ እያንዳንዱን ፊደል በጣትህ ተከትለህ አንብብ። አትፈር፤ እስክትጨርስ ይጠብቁሃል። ስሕተት ካለ እዚያው በሁለት ደቂቃ ይታረማል።


ገና ገባሁ · ዊኒፔግ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፤ ሌሊቱን ወረቀቶቹን ዘርግተን አየናቸው፣ ሁሉም ከፓስፖርቱ ጋር ይገጥማል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አባቴን ሲጠይቁኝ የአባቴ የቤተሰብ ስም ከእኔ የቤተሰብ ስም ጋር አንድ ነው፤ እናቴ ግን ሌላ ናት። ለልጆቹ ስናመለክት ደግሞ እኔ እንደ አባት የምጽፈው ስም ከልጆቹ የቤተሰብ ስም ጋር አይገጥምም። ችግር ይሆናል?


ወይዘሮ ኤድመንተን
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

አይሆንም። እዚህም አገር ልጅ በእናቱ ስም፣ በአባቱ ስም፣ በሁለቱም ተጣምሮ ይመዘገባል፤ ስም ስላልገጠመ ማንም አይደነግጥም። ለትንሹ ልጅ ስታመለክት ወላጁ መሆንህን የሚያሳይ ሰነድ ግን ያዝ፤ የአንተና የእናቱ ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ። ያንተ ስም በልጁ ስም መካከል እንዳለ ከጠየቁህ ብቻ አስረዳ፦ «በእኛ ዘንድ ልጅ የአባቱን የመጀመሪያ ስም ይከተላል» ማለት ይበቃል። ብዙ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ያስተናገደ ሠራተኛ ቀድሞ ያውቀዋል።


ደመላሽ
ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡50

በዚህ አልስማማም። እኔ የምመክረው ከመጀመሪያው የቤተሰቡን ስም በሕግ አንድ አድርጎ ከዚያ ቁጥሩን ማውጣት ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ በአውሮፕላን ከአንድ ወላጅ ጋር ሲጓዙ፣ በየቦታው «ልጅህ ነው?» ይባላል። እኔ ከልጄ ጋር ድንበር ላይ ተጠይቄያለሁ። ዛሬ ተቸግሮ መገላገል ይሻላል።


ሒሳብ ሠራተኛዋ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡20

ወንድሜ ደመላሽ፣ ስለ ጉዞው እውነትህን ነው፤ ከአንድ ወላጅ ጋር ለሚጓዝ ልጅ የሌላውን ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ መያዝ ይመከራል፤ ያ ግን ስሙ ቢገጥምም ባይገጥምም ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ከአንተ እለያለሁ። የስም ለውጥ የግዛቱ ጉዳይ ነው፤ የራሱ ማመልከቻ፣ የራሱ ክፍያና የራሱ ጊዜ አለው። ሰውየው እስከዚያ ያለ ቁጥር ደሞዝ ሊያገኝ ነው? ስሙን ወደፊት በሕግ ቢቀይር ቁጥሩ አይቀየርም። የለውጡን ሰነድ ይዞ ሄዶ መዝገቡን ያድሳል፤ ዘጠኙ አኃዝ እስከ ዕድሜ ልኩ ያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ማውጣቱ ስም ለመቀየር በሩን አይዘጋበትም። ቁጥሩን ማዘግየት ግን ሥራውንም፣ የልጆቹንም ድጎማ ያዘገያል።

አሁን ጠያቂው ስለ ሥራው ያነሣውን ልመልስ፤ እኔ በአንድ ድርጅት ደሞዝ አዘጋጃለሁና በየሳምንቱ የማየው ነው። አሠሪ ሠራተኛው ሥራ በጀመረ በሦስት ቀን ውስጥ ሲኑን መጠየቅ ግዴታው ነው። ሠራተኛው ከሌለው በሦስት ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፤ እንዳገኘም በሦስት ቀን ውስጥ ለአሠሪው ያስታውቃል። ከዚህ የምትረዳው፣ ቋሚ ነዋሪ ስለሆንክ መሥራት መብትህ ነው፤ ቁጥሩ የሚጠበቀው ለደሞዝ መዝገቡ ነው። «ቁጥር ከሌለህ ዕድሉን ለሌላ እሰጣለሁ» የሚል ካለ ማመልከትህን የሚያሳይ ነገር አቅርብለት። ደግሞም ዊኒፔግ ውስጥ በአንድ ጠዋት ልታገኘው ትችላለህና በዚህ አትጨነቅ።

ግን ልመና ልለምንህ፦ ቁጥሩን በስልክ መልእክት አትላክ። ለቀጣሪው ወኪል ነኝ ለሚልህ ሰው በኢሜይል አትስጥ። ሥራው ሳይረጋገጥ፣ በቃለ መጠይቅ ጊዜ፣ በማመልከቻ ቅጽ ላይ አትሙላ። መጀመሪያ ሥራው ይሰጥህ፤ ከዚያ ቲዲ 1 የሚባለውን የግብር ቅጽ ስትሞላ ቁጥሩን እዚያ ላይ ትጽፋለህ፤ እኛም ከደሞዝህ ግብሩን፣ የጡረታና የሥራ አጥነት መድን መዋጮውን በእሱ ስም እንልካለን። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀመር ለጡረታውና ለሥራ አጥነት መድኑ መዝገብ ነበር፤ ግብሩ በኋላ በ1967 ነው የተጨመረበት። ዛሬ አንድ አኃዝ ብትሳሳት የአንተ የጡረታ መዋጮ ሌላ ሰው ስም ላይ ይገባል ወይም ሜዳ ላይ ይቀራል። ወረቀቱን ይዘህ መጥተህ ለደሞዝ ክፍሉ አሳይና መልሰህ ውሰደው። አሠሪው ወረቀቱን መያዝ የለበትም።


የቶሮንቶ ጎረቤት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

ወረቀት ያልሽው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከመጋቢት 2006 ዓ.ም.፣ ማለትም ከማርች 31 ቀን 2014 ጀምሮ ፕላስቲክ ካርድ አይሰጥም። አዲስ ገቢው ካርድ በፖስታ ይመጣል ብሎ እንዳይጠብቅ። የሚሰጡህ ቁጥርህ ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ ዋናው ሰነድ እሱ ነው። ቤት አስቀምጠው። ቁጥሩን ሸምድደው፤ ዘጠኝ አኃዝ በሦስት በሦስት ስትከፍለው ቶሎ ይያዛል። በኪስ ቦርሳ የሚዞር ደብዳቤ ከቦርሳው ጋር ይጠፋል።


ሰናይት ዘካልጋሪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡02

ለጠያቂው ወንድማችን ስለ ቤት ኪራይም ልንገርህ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚገጥምህ እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ቤት ስፈልግ አንድ አከራይ የሞላሁት ቅጽ ላይ የሲን ቦታ ነበር። «ካልሞላሽ አላከራይም» አለኝ። ሕጉ አከራይ እንዳይጠይቅ አይከለክልም፤ ግን አንቺ እንድትሰጪ የሚያስገድድሽ ሕግ የለም። አሠሪ፣ ወለድ የሚያስገኝ ሒሳብ የሚከፍትልሽ ባንክ፣ የግብር መሥሪያ ቤትና እንደዚህ ያሉ የመንግሥት ፕሮግራሞች ናቸው በሕግ የሚጠይቁሽ። አከራይ የብድር ታሪክሽን ማየት ከፈለገ በስም፣ በልደት ቀንና በአድራሻ ማየት ይችላል። እኔ ይህንኑ በትሕትና ነገርኩት፤ ከቀጣሪዬ ደብዳቤና ከባንክ መግለጫ ጋር ሰጠሁት፤ ተስማማ።

የስልኩንም ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ስልክ ይደወላል፤ የተቀዳ ድምፅ «የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥርዎ ታግዷል፣ በወንጀል ተጠርጥረዋል፣ 1ን ይጫኑ» ይላል። ስትጫኚ ሰው ይቀበልሻል፤ ፖሊስ ነኝ ይላል፤ በስጦታ ካርድ ወይም በቢትኮይን ክፈይ ይላል። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር የመንግሥት ሊመስል ይችላል፤ ያ በቀላሉ የሚመሳሰል ነው። የካናዳ መንግሥት ሲን አያግድም፤ በስልክ አስፈራርቶም አያስከፍልም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ሲሰሙ ልባቸው ይርዳል፤ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት የመንግሥት ፍርሃት አለና። እባካችሁ ቤታችሁ ላሉ ትልልቅ ሰዎች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ዘግተው ይተዉት፤ መልስም አይስጡ።


አባ ዮስ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡11

ሰናይት እንዳለችው ነው። አንድ ሰው ቁጥሩን ሰጥቶ ከሆነስ? ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ደንግጠው ነግረዋቸዋል። አዲስ ቁጥር ያወጡላቸዋል?


ሰናይት ዘካልጋሪ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡00

አባ ዮስ፣ ቁጥር መታወቁ ብቻ አዲስ አያሰጥም፤ ሌላ ሰው እንደተጠቀመበት ማስረጃ ሲኖር ነው የሚታየው። ያም ሆኖ አዲስ ቁጥር የድሮውን ጣጣ አያጠፋም፤ አበዳሪው በድሮው ቁጥር ዕዳ ሊጠይቃቸው ይችላል። ስለዚህ አሁኑኑ ለፖሊስና ለካናዳ ጸረ ማጭበርበር ማዕከል ያመልክቱ፤ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን ለተባሉት የብድር መዝጋቢዎች ደውለው በስማቸው ላይ ማስጠንቀቂያ ያስደርጉ፤ ለባንካቸው ይንገሩ። የብድር ሪፖርታቸውን እያዩ በስማቸው የማያውቁት ሒሳብ እንዳልተከፈተ ያረጋግጡ። እርስዎ አብረዋቸው ቢቀመጡ ትልቅ ውለታ ነው፤ ብቻቸውን እንዳይተዋቸው።


ትዕግሥት 9
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡35

ይቅርታ፣ በሌላ ሰው ጥያቄ መሐል ገባሁ። እኔ ቋሚ ነዋሪ አይደለሁም፤ ጥገኝነት ጠይቄ ገና ውሳኔ እጠብቃለሁ። የሥራ ፈቃድ በእጄ ገብቷል። ለእኔም ይኸው መንገድ ነው? ስሜን እዚህ ብቀይረው የሚል ሐሳብም ነበረኝ።


ወይዘሮ ኤድመንተን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡48

መሐል አልገባሽም ልጄ፤ ቦታሽ ነው።

ያንቺ ዋና ሰነድ የሥራ ፈቃዱ ነው። እሱን ይዘሽ በአካል ሂጂ፤ ያንቺም ነጻ ነው። የሚሰጥሽ ቁጥር በ9 ይጀምራል፤ ያ ጊዜያዊ ነዋሪ መሆንሽን የሚያሳይ ምልክት ነው። ለዚህ ነው አሠሪሽ የሥራ ፈቃድሽንም ማየት ያለበት፤ ክፋት አይደለም፣ ግዴታው ነው። ቁጥሩ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ከሥራ ፈቃድሽ ማብቂያ ጋር አንድ ነው። ፈቃዱን ስታሳድሺ የሲን መዝገብሽም መታደስ እንዳለበት አትርሺ፤ አዲሱን ፈቃድ ይዘሽ ተመለሽ። ብዙዎች ፈቃዱን አሳድሰው ይህንን ይተዉታል፤ ደሞዝ ክፍሉ ሲጠይቃቸው ይደነግጣሉ።

እግዚአብሔር ብሎ ቋሚ ነዋሪ ስትሆኚ በ9 የሚጀምረው ቁጥር ይቀርና አዲስ፣ የማያልቅ ቁጥር ይሰጥሻል። ያኔ ራስሽ አስታውቂ፦ ለአሠሪሽ፣ ለባንክሽ፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ። ያለዚያ እስካሁን የሠራሽበት በአንድ ቁጥር፣ ወደፊት የምትሠሪው በሌላ ይሆናል።

ስም ስለመቀየር፣ እኔ አንቺን አላውቅሽም፤ የራስሽ ምክንያት ይኖርሻል። ነገር ግን ጉዳይሽ በሂደት ላይ ሳለ ስምሽን ብትነኪ ከማመልከቻሽ ጋር የሚጋጭ ነገር እንዳይፈጠር ጠበቃሽን ሳታማክሪ አንድ እርምጃ አትራመጂ። ጠበቃ ከሌለሽ በግዛትሽ ያለውን የሕግ ድጋፍ ቢሮ ጠይቂ።


ትዕግሥት 9
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

እግዚአብሔር ያክብርልኝ እትዬ። ሰኞ እሄዳለሁ። ስሜን እንዳለ እተወዋለሁ።


ገና ገባሁ · ዊኒፔግ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ወገኖቼ፣ አራታችንም አገኘን። ስማችን እንዳለ ተጻፈ፤ የወላጆቻችንን ስም የያዘው ቁራጭ ወረቀት በእርግጥም አገለገለን፤ ሠራተኛዋ ተቀብላ እያየች ጻፈችው። በስክሪኑ ላይ የባለቤቴ እናት ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ ባለቤቴ በጣቷ ስትከተል አገኘችው፣ ወዲያው ታረመ። ሰነዶቻችንን ለማንም አልሰጠንም።

አሁን ደግሞ ሁለት ነገር። ትልቋ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ራሷ ማመልከት ትችል ነበር ሲሉ ሰማሁ። ለትንሹ ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው «ሕፃን ቁጥር ምን ያደርግለታል?» አለኝ። የልጆች ድጎማውን ስናመለክት የእነሱ ቁጥር ይጠየቃል?


ሒሳብ ሠራተኛዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡45

ደስ ብሎኛል፤ ለባለቤትህም ንገርልኝ።

አዎ፣ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ማመልከት ይችላል፤ ወላጅ ቢያመለክትለትም ይቻላል፤ አሁን ግን ካገኘችው አልቋል። ትልቋ የበጋ ሥራ ብትጀምር ተዘጋጅታለች ማለት ነው።

የልጆች ድጎማው፣ የካናዳ ቻይልድ ቤኔፊት የሚባለው፣ የልጁን ሲን አይጠይቅም፤ የወላጆቹን ነው። ቋሚ ነዋሪ ስለሆናችሁ መጠበቅ የለባችሁም፤ አሁኑኑ አመልክቱ። ጊዜያዊ ነዋሪ ግን በተከታታይ 18 ወር ሕጋዊ ሆኖ ቆይቶ ነው መብቱ የሚጀምረው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞሉት አርሲ 66 የሚባለውን ቅጽ ሲሆን አዲስ ገቢ ስለሆናችሁ ከእሱ ጋር የሚያያዝ ሌላ ቅጽ አለ፤ የገባችሁበትን ቀንና ከመምጣታችሁ በፊት ያገኛችሁትን ገቢ በካናዳ ዶላር ይጠይቃል። ገቢ አልነበረኝም የምትል ከሆነ ዜሮ ብለህ ጻፍ፤ ባዶ አትተወው። ሁለታችሁም በየዓመቱ ግብር ማስታወቅ አለባችሁ፤ ገቢ ባይኖራችሁም። አንዳችሁ ካላሳወቃችሁ ክፍያው ይቆማል።

የትንሹ ሲን የሚያስፈልገው ለትምህርት ቁጠባ ነው። ለልጁ በስሙ የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ ስትከፍት ያለ ቁጥሩ አይከፈትም። መንግሥት አንተ ባስቀመጥከው ላይ 20 በመቶ ይጨምራል፣ በዓመት እስከ 500 ዶላር። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የካናዳ ለርኒንግ ቦንድ የሚባለው አለ፤ አንተ አንድ ዶላር ሳታስቀምጥ እንኳ መጀመሪያ 500፣ ከዚያ ልጁ ብቁ በሆነበት በየዓመቱ 100፣ በድምሩ እስከ 2,000 ዶላር ይገባለታል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ልጆቻቸው ያድጋሉ፤ በጣም የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። ስለዚህ ያንን ሰውዬ «ለልጄ ትምህርት ነው» በለው።

የድጎማውን ቅጽ ከመላክህ በፊት አንድ ነገር። ልጆቹ ከካናዳ ውጭ ስለተወለዱ የልደት ማስረጃቸው ከቅጹ ጋር ይያያዛል። የትርጉሙን ቀን ከፓስፖርታቸው ጋር አስተያይ፤ የእናታቸውን የጋብቻ ወረቀት የተረጎመው ሰው ከሆነ እነሱም ላይ የኢትዮጵያውን ቀን ሳይቀይር አስፍሮት ሊሆን ይችላል።


ገና ገባሁ · ዊኒፔግ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

አሁን አየሁት። የሴቷ ትክክል ነው፣ የትንሹ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀርቷል። ነገ ለአዲስ ተርጓሚ ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር አብሬ እሰጠዋለሁ፤ ቅጹን የምልከው ሲመለስልኝ ነው።